ለጎንደር የተላከ ሳቅ

ፍሪጄ ላይ የለጠፍኳት ፎቶ ብርሃን አንሷት አሸዋ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ልጄ ባየቻት ቁጥር "በስልኬ ላጥራልሽ?" ትለኛለች። "ወግጂ!" እላታለሁ።

ልንገራችሁማ። እናቴ ያኔ ከከባድ ሕመም ገና መዳኗ ነበር። እኛ እስራኤል ስንገባ ጎንደር የቀረችው አክስቴ ግን በስልክ አላምን አለች። "እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው። ስትስቂ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም" አለቻት።

ስለዚህ ለቤተ እስራኤላውያን የስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ያለው አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ ስንወጣ፣ እኔ የፊልም ካሜራዬን፣ ወንድሜ አዲሱን ዲጂታሉን ይዘን እናታችንን ከበብናት። ነፋሱ ነጠላዎቹን ያርገበግባል፣ የቄሶቹ ጸሎት ይሰማል፣ እሷ ትስቃለች። የእኔ ይላካል፣ የለም የእኔ እየተባባልን ስንነታረክ ዋልን።

ውጤቱን ልናይ ሦስታችንም እዚያው ከተማ ኢትዮጵያ መንገድ የሚባለው ጎዳና አቅራቢያ ወዳለ ፎቶ ቤት ሄድን። ለካ ካሜራዎቻችን ያን ሁሉ ነጭ ልብስ አይተው ብርሃኑ የተትረፈረፈ መስሏቸው ቀንሰውት ኖሯል! ነጠላው ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፤ የእናቴ ፊት ግን ጨልሞ ጠፍቷል። ባለ ፎቶ ቤቱ ሽማግሌ የእኔን ፊልም ወደ መብራት አንስተው አዩና በዕብራይስጥ "ፊልሙ ያላየውን እኔ ከየት አመጣለሁ?" አሉኝ። ወንድሜ እየተኩራራ የራሱን በኮምፒዩተር አደመቀው። ፊቷ እውነትም ብቅ አለ፤ ግን ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ወሮታል።

እናቴ ጠጋ ብላ አየች። "ኧረ ጉዴ! እህቴ ደግሞ ኩፍኝ ያዛት ብላ ታልቅስ?"

"ኢማ፣ ብርሃን ሲያንሰው ካሜራው የሚያመጣው ነው" አላት ወንድሜ።

"እንግዲያ ካሜራህን ሐኪም ቤት ውሰደው!" አለችና በራሷ ንግግር ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ! ሆዷን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ቤቱ ደብዘዝ ያለ ነበር። አዲስ ፊልም ያጎረስኩትን ካሜራ ባንኮኒው ላይ አስደግፌ ቀጭ አደረግሁ።

ይቺ ናት እንግዲህ። ብርሃኑ ስላልበቃት ደቃቅ ነጠብጣብ ሞልቷታል፤ ሳቋ ግን አለ። ሁለት አሳጥበን አንዷን ላክናት። አክስቴ ደውላ "አሁን ተኛሁ" አለች።

ከዓመታት በኋላ አክስቴ ኢየሩሳሌም አጠገብ ያለው መቫሰረት ጽዮን የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ስትገባ እሷና እናቴ ተቃቅፈው አልላቀቅ አሉ። ከዚያ አክስቴ ፎቶዋን ከጉያዋ አወጣች። የእናቴ ፊት ያለበት ላይ ብቻ ወረቀቱ ሳስቷል።

"ይሄ አቧራ እኮ" አለች፣ "ማታ ማታ በነጠላዬ ብጠርገው፣ ብጠርገው አልለቅ አለ።"

እናቴ ዛሬ የለችም። አክስቴ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር ወዳለው ቤቴ በመጣች ቁጥር ፍሪጁ ጋ ትቆምና የነጠላዋን ጫፍ ታነሳለች። አቧራ አይደለም ብዬ ነግሬያት አላውቅም።