ስለ አጥንት ያልጨረስኩት ወሬ

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! የታናሽ እህቴ መልስ ዕለት ነው፤ ሉማሜ፣ አባቴ ቤት። አጎቴ "ደብረ ማርቆስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ምንድን ነው የምትሠሪው?" አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲሰማኝ አያስችለኝም።

"ከበሬ ጅማት ስፖንጅ የመሰለ ነገር እንሠራለን" አልኩ። "አጥንት የጎደለበት ቦታ ሲገባ፣ ግንደ ህዋስ የሚባሉት፣ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸው ህዋሳት፣ እሱን ተንተርሰው አጥንት ይሆናሉ።" የሞከርነው ጥንቸል ላይ ብቻ መሆኑን ዋጥ አደረግሁት። አባቴ "እሰይ የኔ ልጅ!" ብለው ለአገሩ ሁሉ አወሩ።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ ከበቅሎ ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰበረ። ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪሙ "ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት" ቢላቸው ሳቁበት። "ልጄ አጥንት ታበቅል የለም እንዴ? እሷ ትምጣ!"

ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "ለሰው የሚሆን ነገር አለሽ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው ዛሬውኑ ንገሪያቸው።"

ልገባ ስል አጎቴ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። "አብደሻል? ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ትንሽ ያገግሙ።" እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ማፈሬን የምሸፍንበት ወግ አገኘሁ። አራት ቀን ሙሉ አባቴ "ስፖንጁ ደረሰ?" ሲሉኝ "እየተዘጋጀ ነው፣ አባባ" እላለሁ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠናባቸው፤ እግራቸው ጠቆረ። አጎቴን ገፍቼ ገባሁ።

"አባባ፣ ሰው ላይ ሞክረነው አናውቅም። ጥንቸል ላይ ብቻ ነው። ዋሸሁዎት።"

ቀና ብለው አዩኝ። ምነው በሰደቡኝ!

"ጥንቸሏስ ዳነች?"

"ድናለች።"

"ተመስገን" አሉና ወደ ሐኪሙ ዞረው "በል ቁረጠው" አሉት።

ግን ጥቁረቱ ጉልበታቸውን አልፎ ነበር፤ ከጭናቸው ተቆረጠ። ሐኪሙ በመጣሁበት ቀን ተናግሬ ቢሆን ጉልበታቸው ይተርፍ እንደነበር ነገረኝ። ለአጎቴም ለማንም አልተናገርኩም።

ዘንድሮ በስቅለት ሰው ሁሉ ሲሰግድ አባቴ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። በሕይወታቸው ስግደት አስታጉለው አያውቁም። እኔም ሳልሰግድ አጠገባቸው ተገትሬ ቀረሁ።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ። "ስገጂ እንጂ። የእኔንም ጨምረሽ ስገጂ።"