«ለከተማ ነው» ብዬ የገዛሁት የገደል ጫማ

ዓርብ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት

ከቤቴ የወጣሁት ጫማ ልገዛ ነው። በማግስቱ ከደምሴ ጋር የወጨጫ ተራራን አለታማ ጫፍ ልወጣ ቃል ገብቻለሁ። ደምሴ የጂኦግራፊ አስተማሪና የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ቡትስ አድርግ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ የሚስማማበትን ምክር ስለምጠራጠር ሌላ አሰብኩ። ፈረንጆች እስከ ገደሉ ሥር የሚሄዱበት አጭር ጫማ አላቸው፤ ከቡትስ ይቀላል፣ ከእስኒከር ይጠነክራል፣ ጣቱ በጎማ የተሸፈነ፣ ሶሉ አለት የሚይዝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከተገኘ የሚገኘው መርካቶ፣ ሰልባጅ መሃል ነው።

ታክሲው አንዋር መስጊድ ሳይደርስ አወረደን። የጁምዓ ሰጋጆች መምጣት ጀምረዋል፤ ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ይሞላል፣ ሱቁ ይዘጋል። ወደ ሰባተኛ ሰፈር ፈጠን ብዬ ወጣሁ። ጎረቤቶቻቸው ጋሽ ሸምሱ የሚሏቸው አዛውንት ሸራ ላይ ከከመሩት ያገለገለ ጫማ መሃል የምፈልገውን፣ ያውም በቁጥሬ፣ አየሁት። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን ዝም አሰኘሁት። መርካቶን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የማይፈልገውን ያነሳል። ሁለት የቆዳ ጫማ አንስቼ ከናቅሁ በኋላ ነው ያን የጠየቅሁት።

ምን ልታደርግበት ነው አሉኝ።

«ለከተማ ነው። ለቢሮ፣ ለጭቃ።»

ሶሉን በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «ለከተማስ ይሆንሃል» አሉ።

እንዲህ ያለ ጫማ እንዴት እንደሚመረጥ አንብቤአለሁ። በወፍራም ካልሲ ይለካል፤ ጠበቅ ይላል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጣት ጫፉን መንካት የለበትም። ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣት ተቁሞ ይሞከራል። አንዱንም አላደረግሁም። ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቱ የሚቆም የቢሮ ሰው ስለሌለ፣ ብሞክረው ውሸቴ ይታወቅና ዋጋው ይጨምርብኛል። ሦስት መቶ ያሉትን በመቶ ሰማንያ ብር ወሰድኩ።

ቅዳሜ

እስከ ቀትር በብልጥነቴ ኮራሁ። ደምሴ በከባድ ቡትሱ ሲያለከልክ እኔ ቀድሜው እየቆምኩ ጠበቅሁት። ከጫፉ በታች ያለው አለት ግን እንደ ጣሪያ ያዘነበለ ነው። እዚያ ደምሴ ቀድሞ ወጣ፤ እኔ መሃሉ ላይ ስደርስ ቀኝ እግሬ ላላ አለብኝ። ሶሉ ከፊት ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ከሥሬ ሦስት ፎቅ ያህል ባዶ፣ ከዚያ ድንጋይ።

«አትንቀሳቀስ» አለ ደምሴ ከላይ። «ግራህ ይዟል?»

«እስካሁን።»

«እንግዲያው ቀኙን አውልቀው።»

ባንድ እጅ አለቱን ይዤ ባንድ እጅ ክሩን ፈታሁ። ጠዋት እንዳይላላ ብዬ ሁለት ጊዜ ቋጥሬው ነበር። ጫማው ወደቀ፤ ሲያርፍ ለመስማት ብዙ ቆየሁ። ካልሲዬን ጎትቼ ባዶ እግሬን አለቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ያዘ። ደምሴ ጋቢውን ቁልቁል ላከልኝና እሱን ይዤ ወጣሁ። በሌላ በኩል ስንወርድ የወደቀውን ጫማ ከሥር አነሳሁት።

ሰኞ

ልጣላ ወደ መርካቶ ተመለስኩ። ጫማውን ጋሽ ሸምሱ ፊት አስቀምጬ ሰው የሚገድል ዕቃ ሸጡልኝ አልኩ። አለቱ የፋቀውን ጎማ አገላብጠው አዩ።

«ቢሮህ ድንጋይ ነው እንዴ?»

ጎረቤቶቻቸው ሳቁ። በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ተራ በተራ ጥፋቱን የሚናዘዝበት ግለ ሂስ በሚደረግበት በዚያ ዘመን፣ ተራው ለእኔ ሰልባጅ ክምር ፊት ደረሰኝ፤ የቅዳሜውን ተናገርኩ። ሳቁ ቆመ። ጋሽ ሸምሱ እንዳሉኝ ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ነበር፤ አስፋልት ይችለዋል፣ ገደል አይችለውም።

«ለገደል ነው ብትለኝ አልሸጥልህም ነበር።»

«ዋጋ ይጨምሩብኝ ነበር» አልኩ።

«እጨምር ነበር» አሉ ሳያፍሩ። «የተሰፋውን ነበራ የምሰጥህ።»

ከክምሩ ሥር ሶሉ ዙሪያውን የተሰፋ ሌላ ጫማ አወጡ። ገንዘብ ሳይነሳ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ በጣቴ አቆሙኝ፤ ተረከዜን ወደ ታች ገፉት፤ ጣትህ ጫፉን ነካ ወይ ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። አልነካም። ከዚያ አራት መቶ አሉ፤ ብዙ ተከራክረን በሦስት መቶ ሃምሳ ተስማማን።

ጫማውን አድርጌው ቤቴ ገባሁ። መርካቶ ክርክር ይፈልጋል እንጂ ውሸት አይፈልግም፤ ሁለቱን አንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አለት ደግሞ ጫማውን ምን ብለህ ገዛኸው ብሎ አይጠይቅም።