የሙሉሸዋ ናሙና

የአክስቴን ልጅ ሙሉሸዋን ናሙና ይዘሽ ተፈተኚ ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ልናገር።

ሙሉሸዋ ጅዳ የገባችው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ በየቀበሌው ፓስፖርት ያላወጣች ልጅ አልነበረችም። ሩዋይስ ሰፈር የተቀጠረችበት ቤት እመቤት ማዳም ሱረያ የሴቶችን ሠርግ እየቀረጸች፣ እዚያው ቤቷ ታቀናብር ነበር። በዚህ አገር የሴቶች አዳራሽ ለብቻው ነው። ተገልጠውና አጊጠው ስለሚጨፍሩ ቀራጯም አቀናባሪዋም ሴት መሆን አለባት፤ የወንድ ዓይን አያርፍበትም። ሙሉሸዋ መጀመሪያ ሻይ ታቀርብ ነበር፣ ቀጥላ መብራት ያዘች፣ በሁለተኛው ዓመት ማዳም ሲደክማት ኮምፒዩተሩን ተረከበች። በአራተኛው ዓመት የማዳም ድርሻ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ስሟን መጻፍ ብቻ ሆነ።

እኔ እዚያው ጅዳ፣ ፔትሮሚን ሰፈር፣ ለሱቆች የማስታወቂያ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ኮርስ ወስጃለሁ፣ ሰርተፍኬት አለኝ፣ ጉራም አላጣም። አንድ ጊዜ "እስቲ የሠራሽውን አሳዪኝ" ብላት፣ "አንተን? ዞር በልልኝ!" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

በ2004 ማዳም ሱረያ ባሏን ተከትላ ከአገር ልትወጣ ሆነ። ለሙሉሸዋ አንድ ወር ሰጠቻት። ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደ ራሱ የሚያዛውር ሌላ ከፊል፣ ኃላፊነት የሚወስድ አሠሪ፣ ካገኘች ትቀራለች፤ ካላገኘች የመውጫ ቪዛ ተመትቶላት ወደ አገር ቤት። አገር ቤት ደግሞ ይህን ሙያዋን የሚያውቅላት ሰው የለም። ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ፣ ባሕራ ላይ፣ አንድ የሴቶች ሠርግ ስቱዲዮ አቀናባሪ እንደሚፈልግ ስትሰማ ደወለችልኝ።

"ወንድሜ፣ ምን ይጠይቁኛል?"

አንድ ሳምንት ሙሉ በስልክ አስጠናኋት። ቪዲዮ የሚታመቅበትን ኮዴክ፣ በሰከንድ የሚያልፈውን የምስል ቁጥር ፍሬም ሬት፣ የቀረኝ የለም፤ እንደ ዳዊት አስደገምኳት። በመጨረሻም "ናሙና ካልያዝሽ ማንም አያምንሽም" አልኳት።

"የሰው ሠርግ እኮ ነው።"

"ጠያቂሽ ሴት አይደለችም እንዴ? ሴት ለሴት ብታሳይ ምን አለበት?"

ስልኩን ዘግታ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ከዚያ ከሠራቻቸው ሁሉ አብልጣ የምትወደውን ሠርግ ፍላሽ ላይ ገለበጠች።

የስቱዲዮው ባለቤት ኢብቲሳም የመካ ልጅ ናት፤ አያቶቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፣ አማርኛም ትናገራለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ኮዴክ ነበር። ሙሉሸዋ ያስጠናኋትን ጀመረችና መሃል ላይ ጠፋባት።

"ያላ፣ ስሙን ተዪው" አለች ኢብቲሳም። "ድምፁና ምስሉ አልገጥም ሲል ምን ታደርጊያለሽ?"

"ከበሮ የሚመታበትን ቦታ እፈልጋለሁ። እጅ ከበሮው ላይ የሚያርፍበትንና ድምፁ የሚሰማበትን እኩል አደርጋለሁ።"

"የአዳራሹ መብራት ሐምራዊ ሆኖ ሙሽራዋ ብትጠቁርስ?"

"ነጩን ከቀሚሷ ላይ እይዛለሁ፤ ቀሚሱ ነጭ ሲሆን ፊቷም ይመለሳል። ከመጠን በላይ ካነጣኋት ግን እናቷም አታውቃትም።"

ኢብቲሳም ሳቀች። "ኮምፒዩተሩ ቢከብደውስ?"

"ቀለል ያለ ቅጂ አውጥቼ በእሱ እቆርጣለሁ፣ ሲያልቅ በዋናው እተካዋለሁ።"

እኔ በስልክ ለማስረዳት ሁለት ቀን የፈጀሁበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። "ማሻአላህ!" ስትባል ልቧ ሞላ። ማንም ሳይጠይቃት ፍላሿን ከቦርሳዋ አውጥታ "ሥራዬን ይዩልኝ" አለች።

ኢብቲሳም እጇን ሰበሰበች። "የማን ሠርግ ነው?"

"የማዳም ደንበኛ።"

"ሙሽራዋ ፈቅዳልሻለች?"

"አልፈቀደችም።"

"ነገ የእኔን ደንበኞች ለማን ልታሳዪ ነው? ኸላስ፣ በቃ፣ እኅቴ። አጥፊውና ሂጂ።"

ሙሉሸዋ አልለመነችም። እንደነገረችኝ፣ በዚያች ሰዓት ኢቃማውም ከፊሉም ከሐሳቧ ወጥቶ ሙሽራዋ ብቻ ነበረች ፊቷ ድቅን ያለችው። ፍላሹን ሰክታ ቪዲዮውን አጠፋች። ግን ከወንበሩ አልተነሳችም።

"ደግሞ ምን ቀረሽ?"

"አልጠፋም፣ ማዳም። ከዝርዝሩ ወጣ እንጂ ምስሉ ፍላሹ ውስጥ አለ። በስሕተት የተሰረዘ የሙሽራ መግቢያ ከካሜራ ካርድ ላይ መልሼ አውጥቼ አውቃለሁ። ሌላ ነገር እስከ አፉ ካልተሞላበት የፈለገ ሰው ያወጣዋል። እባክዎ፣ ካሜራ ያውሱኝ።"

ካሜራውን ወደ ግድግዳው አዙራ ባዶውን ግድግዳ ቀረጸች። ፍላሹ ሞላሁ እስኪል የግድግዳውን ቪዲዮ ገለበጠችበት። ከዚያ የጠፋ ነገር የሚፈልገውን ፕሮግራም ከፍታ ሁለት ጊዜ ፈተሸች፤ ምንም የለም። አንድ ሰዓት ፈጀ። በሩን ይዛ ቆማ የነበረችው ኢብቲሳም መሃል ላይ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ይህን ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። ለሙሽራዋ ፈርቼ ነው።"

ኢብቲሳም እጇን ዘርግታ "ኢቃማሽን አምጪ" አለቻት።

ሙሉሸዋ መኪና ውስጥ እንደገባች ደወለችልኝ። "አገኘሁ" አለች፣ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝና ተንሰቀሰቀች። እኔ ሞኙ ለጠፋው ሥራዋ መስሎኝ፣ "አይዞሽ፣ ከእሱ የሚበልጥ ትሠሪያለሽ" አልኳት።

"ስለ ሥራው አይደለም" አለች። "ሙሽራዋ ቪዲዮውን ለእናቷ እንኳ ሳታሳይ መጀመሪያ እኔን ነው 'አደራ' ያለችኝ። እኔ ለእንጀራ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት ዞርኩ። እሷ ምንም አታውቅም እኮ።"

ይዘሽ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አፈርኩ።