የታመመ ባቄላ ይዤ ወደ ሞጣ

ከብቸና የወጣሁት መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። የእኅቴ የየሺ ባቄላ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣበት፤ ነጠብጣቡ ተገጣጥሞ ጠቆረ፤ አበባውም ረገፈ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሷና ሦስት ልጆቿ ዓመቱን የሚገፉት በዚያ ማሳ ነው። አምና አረም ስላጠፋው ዘንድሮ ዘሩን እጥፍ አድርጋ እንድትዘራ የመከርኳት እኔ ነኝ። የሞጣ ባቄላ ደህና ነው ሲሉ ገበያ ላይ ሰማሁ። ምክንያቱን ለማየት፣ መድኃኒት ካለውም ለመጠየቅ፣ ሦስት የታመሙ ቅርንጫፎች በጨርቅ ጠቅልዬ ተነሣሁ።

የክረምቱ ዋልካ ጭቃ መኪና ስለማያሳልፍ ጉዞው በእግር ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ደብረ ወርቅ፣ ሁለተኛውን ግንደወይን አደርኩ። በመንገድ ያገኘሁትን የባቄላ ማሳ ሁሉ ቆሜ አየሁ። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለው ከሥሩ ጀምሮ ጠቁሯል፤ ሳሳ ያለው ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ አለበት። የየሺም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እጥፍ ዝሪ ማለቴ ትዝ አለኝ።

ሞጣ፣ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት

አያ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አረንጓዴ ማሳቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ክንድ በክንድ በሆነ ቦታ ስምንት የባቄላ ተክል ቆጠርኩ፤ የየሺ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ቅርንጫፎቹን ፈትቼ አሳየኋቸው፤ አዘራራችንንም ነገርኳቸው።

«አይ ያንተ ነገር! አሥር ሰው በአንድ አጎዛ አስተኝተህ ቅማሉ ከየት መጣ ትላለህ?» ሲሉ ሳቁብኝ።

«አረሙን እንዲያፍንልን ብዬ ነበር፣ አያ።»

«ባቄላውንም አፈነዋ! ነፋስ ካልገባበት ጤዛው በምን ይደርቃል? አምናስ ምን ነበረበት?»

«ባቄላ። ገለባውም እዚያው ቀረ።»

ሳቃቸው ቆመ። «እኛ ባቄላ የነበረበትን ማሳ ሦስት ዓመት በሌላ እህል እናሳልፈዋለን፤ ገለባውንም አንተውበትም። የእናንተ አይድንም። ነቅላችሁ ለከብት ስጡ፤ እርጥበቱ ሳያልፍ ሽምብራ ዝሩበት።»

«የሽምብራ ዘር የለንም፤ የምንገዛበትም የለን።»

«እኔም ዘንድ የለም፣ ልጄ። ጓያስ?»

«ጓያ አለ» አልኩ።

ጓያ ያዘወተረ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ ሁለታችንም እናውቃለን።

ብቸና፣ ስድስተኛው ቀን

የሺ ማሳው ዳር ቆማ ጠበቀችኝ።

«ይድናል?»

«አይድንም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ጎንበስ ብላ መንቀል ጀመረች።

ከመንገዱ የተማርኩት ለከርሞ ይሆናል፦ ሳሳ አድርጎ መዝራት፣ በማሳው እህል ማፈራረቅ፣ ገለባን ማንሣት። ለዘንድሮ ግን ጓያውን ዘራን። ጎተራ ውስጥ የቀረውን ጥቂት ገብስ ሰፍረን ለልጆቹ ለየነው።

«ጓያውን እኔ እበላለሁ» አለች።

«አብረን ነው የምንበላው» አልኳት።