አልወደቅኩም

አረብ አገር፣ ጅሊብ ሰፈር ከተከራየንበት ክፍል ሲያስወጡን አንዱ ፖሊስ ቀኝ ክንዴን ወደ ኋላ ጠምዝዞ መኪናው ውስጥ ወረወረኝ። ከትከሻዬ በታች ቀጭ ሲል ሰማሁ። ወንጀሌ ባያን ሰፈር ካለው የማዳም ቤት መጥፋቴ ነው። ፓስፖርቴን የቆለፈችብኝ እሷ፣ የታሰርኩት እኔ!

የእስር ክፍሉ ላብና በረኪና ይሸታል። ለአስር ሰው በተሠራ ቦታ ሠላሳ ሴቶች ተጠጋግተን ተቀምጠናል። ክንዴ አብጦ እጅጌዬን ሞላው።

አባቴ ወጌሻ ነው። ያበጠ ሁሉ ሲታሽ እያየሁ ስላደግኩ የፀጉር ቅባት ለምኜ አጠገቤ ላለችው የደሴ ልጅ ሰጠኋት።

«ጠበቅ አድርገሽ እሺልኝ።»

ነርስነት ጀምራ ያቋረጠች ናት። ክንዴን በዓይኗ ብቻ አይታ የቅባቱን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

«ወላሂ አልነካውም። ይሄ ወለምታ አይደለም፣ ስብራት ነው።»

«አባቴ ስንቱን አሽቶ አድኗል!»

«ይሄንን ቢያሸው እጅሽን ያሳጣሽ ነበር። ከትከሻ እስከ ክርን ያለው አንድ አጥንት ነው፤ ነርቩ በኋላው ዞሮ ይወርዳል። እስቲ እጅሽን ከአንጓው ቀና አርጊው።»

እምቢ አለኝ። እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ።

«ጨብጪ።»

ጨበጥኩ።

«አብሽሪ፣ ይድናል። ግን ቶሎ ሐኪም ይየው።»

ሻርፗን አውልቃ ክንዴን ከደረቴ ጋር አሰረችው። እሷ ራሷን በፎጣ ሸፈነች።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ ተብዬ ተጠራሁ። መጀመሪያ ግን በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ አሻራ አድርጊ አሉኝ። እኛ የምናነብ አልመሰላቸውም። ደግፋኝ የመጣችው የደሴ ልጅ መድረሳ የተማረች ናት።

«ከደረጃ ወድቃ ነው ይላል» አለችኝ በጆሮዬ።

ደሜ ፈላ። ክንዴን የጠመዘዘው ሰውዬ እዚያው ቆሞ ሻይ ይጠጣል! የፖሊሶቹ አለቃ ቀኝ እጄን ከሻርፑ አውጥቶ ወደ ቀለሙ ሲወስደው አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ከትቼ ጨበጥኩበት። ሊፈለቅቀው ሲታገል ሕመሙ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። አልለቀቅኩም።

«ማ ጢሕት! አልወደቅኩም!»

ለዚያች ቃል ሦስት ቀን ያለ ሐኪም አስቀመጡኝ።

ዛሬ ኮምቦልቻ ነኝ። እጄ ቀና ይላል፤ አጥንቱ ግን ተጣሞ ስለገጠመ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። ያን ጊዜ እነሱን እረግማለሁ፣ ይቅር በይ የሚለኝንም ሰው እቆጣለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክንዴን አይቶ «ወድቀሽ ነው?» ይለኛል። ከኔ ቀድሞ የሚመልሰው አባቴ ነው።

«አልወደቀችም። ሰብረዋት ነው።»