ገመድ ያለው ካሴት

የከብት ሐኪሟ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትዳር አልያዘችም። ከመሥሪያ ቤቷ በጨረታ በገዛችው አሮጌ መኪና ከበረት በረት ስትዞር ትውላለች። "ከላም ጋር ለሚውል ሰው ወሬ ምን ያደርግለታል?" ትል ነበር። ይህን ትል የነበረው ግን ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ አብራት ሳለች ነው። ልጅቷ ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር አለ።

በወሩ በአውቶቡስ አንድ ጥቅል ደረሳት። ሲፈታ ከጎኑ ቀጭን ገመድ የወጣለት ካሴት ሆኖ ተገኘ፤ ከወረቀት ጋር። "አክስቴ፣ ካሴቱን የመኪናሽ ቴፕ ውስጥ ክተቺው፤ ገመዱን ስልክሽ ላይ ሰኪው። ዘፈን ሳልሄድ ስልኩ ላይ ጭኜልሻለሁ።"

ቴፑ ግን ዋጥ ያደርግና መልሶ ይተፋዋል። ሲያቅታት ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ወሰደችው።

"የካሴቱ ጥርስ ተጣብቆ አልዞር ብሏል" አላት ጠጋኙ። "ስለማይዞር ቴፑ ዘፈኑ ያለቀ ይመስለዋል።"

"እኔ ደግሞ ቴፑ ያረጀ መስሎኝ።"

"እሱማ አርጅቷል። ሥራውን ግን አልረሳም።"

ጥርሱን አላቀቀላት፤ መኪናው ዘፈነ። በሦስተኛው ቀን፣ ገጠር መንገድ ላይ፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ተቋርጦ ስልኩ ጠራ። ዳር ይዛ አነሳችው።

"አክስቴ፣ የት ነሽ?"

ድምፁ የመጣው ከስልኩ ሳይሆን ከመኪናው በሮች ድምፅ ማጉያዎች ነበር። ሐኪሟ ዘወር ብላ የኋላውን ወንበር አየች።

"መኪና ውስጥ ነኝ" አለች። "አንቺም አብረሽኝ ያለሽ ነው የሚመስለው።"

ከዚያ ወዲያ የልጅቷን ስልክ ቤት ውስጥ ማንሳት አስጠላት። ከሥራ ስትመለስ ግቢ ውስጥ መኪናውን ታቆምና፣ ሳትወርድ፣ ዘፈን ከፍታ ትጠብቃለች። አንድ አመሻሽ ጡረተኛው ጎረቤቷ መስታወቱን አንኳኩ።

"ዶክተር፣ ደኅና ነሽ? ሰው ትጠብቂያለሽ?"

"ስልክ ነው፣ ጋሼ።"

"ስልኩ ቤት አይገባም እንዴ?" ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ሲሄዱ ግን ሆድ ባሳት።

የልጅቷ ስልክ መጀመሪያ በየቀኑ፣ ቀጥሎ በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ እሁድ እሁድ ብቻ ሆነ። በአንዱ እሁድ ልጅቷ ቃላት ስትመርጥ ቆይታ፣ "ለእረፍት እንኳ አልመጣም፣ አክስቴ። አንድ ሰው አለ፤ ቤተሰቦቹ ዘንድ እንሄዳለን" አለቻት።

"ጥሩ ሰው ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"እንግዲያው ደስ ብሎኛል። እኔን አታስቢ፤ ሥራ በዝቶብኛል።"

ስልኩ ሲዘጋ የተቋረጠው ዘፈን ካቆመበት ቀጠለ። የጭፈራ ዘፈን ነበር። አልዘጋችውም፤ እስኪያልቅ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ሰማችው።

በማግስቱ በማለዳ ምጥ የጠናባት ላም አለች ብለው ጠሯት። የመድኃኒት ሳጥኗን ከኋላ አንስታ ጎኗ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ መንገዱ ኮረኮንች ነውና ቀበቶ አሰረችለት። ዘፈን ከፈተችና ሄደች።