ሲግደረደሩ ያለቀው በርሜል

ጥጋቡን «ምን ትሠራለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነው የሚያገኘው፤ «ቤዝመንት ውስጥ ሕፃናት አስተኛለሁ።» ሕፃናቱ በርሜሎች ናቸው። በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ከቶሮንቶው ሴንት ጄምስ ታውን ፎቆች ብዙም ሳይርቅ፣ ጎርደን የሚባል እንግሊዛዊ ፐብ የሚሉት ቢራ ቤት ነበረው። ጎርደን የቶሮንቶ ሰው ቢራ የሚጠጣው ጥርሱን ለማደንዘዝ ነው ብሎ ያምናል። እሱ የሚያመልከው ሪል ኤል የሚሉትን ነው፤ ጋዝ ያልተነፋበት፣ በረዶ ያልነካው፣ በርሜሉ ውስጥ ገና እየፈላ፣ ከነአተላው የሚመጣ ቢራ። አጋድመው ያስተኙታል፣ እስኪጠራ ይጠብቁታል፤ የነቀነቀው ሰው ካለ ጉሽ ሆኖ ይነሣል። ጎርደን ይህንን ሁሉ በእጁም በእግሩም ሲያስረዳ ጥጋቡ ጨርሶ አላስጨረሰውም።

«ጠላ ነዋ!»

ከሳህን አጠባ ወደ ቤዝመንት የወረደው ያን ቀን ነው።

በመከር ወራት ፐቡ የሪል ኤል ፌስቲቫል አዘጋጀ። ጎርደን በርሜሎቹን ሁሉ መረጠና አንዲቱን ለጥጋቡ ተወለት። «አንተ ምረጥ። እስከ ቅዳሜ ማታ ካለቀች የቤዝመንቱ ቁልፍ ያንተ ነው፤ አለቃው አንተ ትሆናለህ። ከተረፈች ግን ሳህኑ ናፍቆሃል።»

ለምርጫ ሦስት ዓይነት ቀረበለት፤ አንዱ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ብቅሉ በጭስ የደረቀ ጥቁር። ጥጋቡ ቀመሰ፤ ሦስቱም ጣፈጡት። ደግሞ ቀመሰ፤ ከፊተኛው ይልቅ ጣፈጡት። በዚህ አካሄድ ፍርድ ሳይሆን እንቅልፍ እንደሚመጣ ሲገባው፣ ሦስት ጆግ ሞልቶ ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ። የሚካኤል ማኅበር ተራው የሱ ነበርና፣ የመጠጥ ጣዕም የሚያውቅ ሰው ሁሉ እሑድ እሱ ቤት ነበር። ታክሲ ነጂው ባልቻ አለ። እማማ ትርፌም አሉ፤ ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ ያመጣቻቸው፣ በጠላ ጉዳይ ከጎጃም እስከ ስካርቦሮ ይግባኝ የማይባልባቸው።

ጥጋቡ ቢጫውን ቀዳ። «እንዴት ነው እማማ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እጅህ ይባረክ!»

ዳማውን ቀዳ።

«ዓመት ዓመት ያድርስህ!»

ጥቁሩን ቀዳ።

«ከዓመት ዓመት ቤትህ አይጉደል! ምን ይወጣለታል!»

«አንተስ ባልቻ?»

«ወንድሜ፣ እኔ አንዱን ከአንዱ አላበላልጥም። ኃጢአት ነው» አለና ሦስቱንም ጠጣ።

ጥጋቡ ተቆጥቶ ኩሽና ገባ። ሚስቱ ስመኝ ሳህን እየደረደረች ሳቀችበት። «አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ቤትህ ጠርተህ ስደቡኝ ትላለህ? እንግዳ ሊፍት ውስጥ ገብቶ ነው የሚያማው እንጂ ፊት ለፊት ይናገራል? ዞር በል!»

የተረፈውን ቢራ በሌላ ሦስት ጆግ ገልብጣ ወጣች። «እነዚህ ደግሞ የጥጋቡ አይደሉም። የማዶው ፐብ ሰዎች እሱን ሊያስንቁ ያመጧቸው ናቸው።»

ቤቱ ተነቃቃ። ባልቻ ቢጫውን ተጎንጭቶ፣ «ይሄማ በገብስ ማሳ በኩል አልፎም አያውቅ!» አለ። ዳማውን ደግሞ ለጋን እጥበት ፈረደበት። እማማ ትርፌ ጥቁሩን ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ብርጭቆውን ግን መልሰው ዘረጉ።

«እስቲ ጨምሪልኝ ልጄ። ክፋቱን በደንብ ላጣራው።»

ጆጉ ባዶ እስኪሆን አጣሩት። ጥጋቡ ፍርዱን ሰማ፤ ጥቁሩን አዘዘ።

ፌስቲቫሉ አርብ ተከፈተ። የቶሮንቶ ሰው በር ላይ እስኪጋፋ መጣ፣ የቢጫ ቢጫውን በርሜል አራቆተ፣ ከጥቁሩ ፊት ሲደርስ ግን «ኖ ቴንክስ» እያለ አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት የጥጋቡ በርሜል ሆዷ እንደሞላ ተጋድማለች። ጎርደን በኪሱ ያለውን ቁልፍ እያንሿሿ ባለፈ ቁጥር ጥጋቡ እጁ ላይ የሳሙና አረፋ የወጣ ይመስለዋል። ስመኝን ኮል አደረጋት። «አለቀልኝ። የሚነካው የለም።»

ስመኝ እውነቱን ሁሉ ለእማማ ትርፌ ተናዘዘች። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባልቻን በታክሲው አስነድተው ከች አሉ።

«ያንተ ነው ለካ! በገዛ ቤትህ ፊቴን አጨማደድኩብህ! ይሄን ሳልክስ አላድርም» አሉና ከበርሜሉ አጠገብ ቆሙ።

ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሰውዬ ሊያልፍ ሲል ብርጭቆ አቀረቡለት። «ኖ፣ ቴንክ ዩ» አለ።

«ምን አለ?»

«አይ፣ አመሰግናለሁ ነው የሚለው፣ እማማ» አለ ጥጋቡ።

«አዬ የጨዋ ልጅ! ይግደረደራል!» አሉ ደስ ብሏቸው። ከቢራው በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ራሳቸው ቀመሱ፣ ከዚያ ብርጭቆውን እጁ ውስጥ ከተቱት። «በሞቴ!»

ሰውየው ቃሉን ባያውቀውም፣ ካልጠጣ አንድ ሰው እንደሚሞት ከዓይናቸው አነበበ። ጠጣ። ቆም አለ። ጢሙን ጠረገና ብርጭቆውን ራሱ ዘረጋ፤ ጓደኞቹንም ጠራ። ከዚያ በኋላ «ኖ» ያለው ሁሉ ጨዋ ተባለ፣ «ኖ ኖ» ያለው የባላባት ዘር ተባለ፤ ሁሉም ጠጡ፣ ሁሉም ተመልሰው ተሰለፉ። ባልቻ ሰልፉን እንደ ኤርፖርት ታክሲ ተራ ያስከብራል።

ጎርደን መጣ። «እኔ በሥራ ሰዓት አልጠጣም።»

«ይሄስ ይግደረደራል?»

«ኧረ እሱ የምሩን ነው፣ እማማ።»

«የምሩን የሚል እንግዳ የለም። በሞቴ!»

በርሜሏን ዘንበል አድርገው የቀዱለት የመጨረሻው ነበር። ጎርደን ጨለጠው፣ ባዶውን በርሜል በጣቱ አንኳኳ፣ ቁልፉን አውጥቶ ለጥጋቡ ዘረጋ።

ጥጋቡም የጨዋ ልጅ ነውና፣ እንዳሳደጉት አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ኧረ ኖ ኖ፣ ምን አስቸኮለህ» አለ።

ጎርደን እንግሊዛዊ ነው፤ ኖ ማለት ኖ ነው። «እንዳልክ» ብሎ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ፤ ግማሹ ገብቶ ነበር፣ ጥጋቡ ዘሎ ከነእጁ ሲይዘው።